በትውስት የተወሰደው አምፖል

ቅዳሜ፣ 1ኛ ቀን

ዛሬ አንድ መቶ ሃያ ጫጩት በሁለት ካርቶን ገባ። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝና የገባ ነገር ሳይመዘገብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ይህን ደብተር ከፈትኩ። ቀኑን የምቆጥረው በጫጩቶቹ ዕድሜ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእኔ ቀን ሁሉ አንድ መልክ ሆኗል።

ባለቤቴ የአሮጌ ወረቀት ካርቶኖቼ የነበሩበትን ክፍል አስለቅቃ፣ ሰጋቱራ አንጥፋ፣ ከጣሪያው ሁለት ትልልቅ ቀይ የማሞቂያ አምፖሎች አንጠልጥላለች። ጫጩቶቹ ከሥራቸው ተበትነው ሲለቃቅሙ ማየት ደስ ይላል። እሷማ ከክፍሉ አልወጣም ብላ ራት የበላነው እኔና አማቴ፣ እናቷ፣ ብቻ ነን።

አምና እንዲሁ መቶ ሃያ አምጥታ ሰባው አልቀውባት ሳምንት ሙሉ አልቅሳለች። ያኔ እኔ "እኔ ብይዛቸው ኖሮ አንድም አይሞትም ነበር" ብያታለሁ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። በሰው ሥራ ላይ አፍ ይሰፋል።

ሰኞ፣ 3ኛ ቀን

የባለቤቴ እህት ወድቃ ዳሌዋን ሰብራለች፤ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ከባለቤቴ ሌላ አስታማሚ የላትም። እዚያ ሄዳ አንድ ወር ገደማ ትቆያለች።

ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ሰውዬ፣ ስማኝ። ውሃቸውን ጠዋትና ማታ ቀይር። ሰጋቱራው አይርጠብ። አምፖሎቹን እንዳትነካቸው። እነዚህም ካለቁ ሁለተኛ ጫጩት ዓይኔ አያይም፤ ክፍሉንም ለካርቶኖችህ መልሼልህ እርፍ እላለሁ። አደራ።"

"በእኔ ይሁንብሽ፤ አንድም አይጎድልም" አልኳት።

"በአንተ ስለሆነ እኮ ነው የምፈራው።"

አማቴ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ወንበራቸው ሆነው ሳቁ። ከዚያ ወንበር ሳይነሡ በዚህ ቤት የሚደረገውን ሁሉ ያያሉ። "እንግዲህ እናት ዶሮ ሆነሃል ልጄ" አሉኝ። ቀልዱን አልወደድኩትም።

ማክሰኞ፣ 4ኛ ቀን

ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ቀኝ ጉልበቴ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ለጫጩቶቹ ውሃ ልቀይር ገብቼ ከአምፖሉ ሥር ትንሽ ብቆም ሕመሙ ጥፍት አለ። ሕክምና ማለት እንዲህ ነው!

ነገሩን አሰብኩበት። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አምፖል ቅንጦት ነው። እኛ መዝገብ ቤት ለአሥራ አንድ ሰው አንድ አምፖል ነበረን፤ ማንም አልሞተም። ደግሞ ያለ ሥርዓት የሚወሰድ ዕቃ የለምና ቅጽ ሞላሁ።

*የተወሰደው ዕቃ፦ ቀይ አምፖል፣ አንድ። አበዳሪ ክፍል፦ ጫጩት ቤት። ተበዳሪ ክፍል፦ መኝታ ቤት። ምክንያት፦ ለሥራ ጉዳይ። የመመለሻ ቀን፦ ሲሞቅ። የአበዳሪ ፊርማ፦ እኔ። የተበዳሪ ፊርማ፦ እኔ።*

መኝታ ቤት ከወንበሬ በላይ ጣሪያው ላይ መንጠቆ አስገብቼ ሰቀልኩት። ሁለት ጊዜ ከመሰላሉ ልወድቅ ነበር። አምፖሉን ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ አማቴ ቀና ብለው አዩኝ።

ረቡዕ፣ 5ኛ ቀን

ከራት በኋላ ደወለች። ይኸው ሰዓት የዘወትር ሰዓታችን እንዲሆን ተስማማን።

"ጫጩቶቹስ?"

"እንደ ወርቅ!"

"አምፖሎቹ?"

"ሁለቱም ይበራሉ።"

ይህ ውሸት አይደለም። ሁለቱም ይበራሉ። የት እንደሚበሩ አልጠየቀችኝም። አልሸሹም ዞር አሉ ይሉ የለ።

"ጉልበትህስ? እዚያ ዝናብ ነው አሉ።"

"ተአምር ነው! ምንም አይለኝም!"

"ምን አደረግክለት?"

"ዕረፍት" አልኳት።

ሐሙስ፣ 6ኛ ቀን

ጫጩቶቹ በጣም ተዋደዋል። ከዋሉበት ቦታ ሁሉ ተሰብስበው ከቀረው አምፖል ሥር ተቃቅፈው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ ነው የሚያድሩት። ይህን ፍቅር ሰው ቢማረው።

አማቴ በበሩ ብቅ ብለው አዩና "በርዷቸዋል" አሉ።

"እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ ይበርድዎታል" አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ፣ 8ኛ ቀን

አንዲት ጫጩት ከንጋት ጀምራ አላስቀምጥ አለችኝ። አቤት አቤት ነው እንጂ ጩኸት አይባልም። እንዲህ ያለ ባለጉዳይ በሥራ ዘመኔ አውቃለሁ፤ ፋይሉ እስኪገኝለት ከመስኮቱ አይነሣም። ስሟን አቤቱታ አልኳት። አንሥቼ ገልብጬ ባያት ኩሷ ቂጧ ላይ ደርቆ እንደ ማኅተም ሰም ደፍኖታል። መውጫ የላትም! እኔም ብሆን እጮኽ ነበር።

ሌሎቹን ገለበጥኩ። አሥራ ሰባት የታሸጉ አገኘሁ።

ባለቤቴ በሩ ላይ በለጠፈችው ወረቀት ግርጌ እንዲህ ይላል፦ *ቂጣቸው ከተደፈነ ለብ ባለ ውሃ አርስ፣ አትላጥ፣ ቆዳው ይቀደዳል። አድርቀህ መልስ።* ለማራስ የሚሆን ለስላሳ ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ጡረታ ስወጣ ከጠረጴዛዬ ያመጣሁትን የቴምብር ማርጠቢያ ስፖንጅ ነው። ስንት የመንግሥት ደብዳቤ ያለፈበት ስፖንጅ! አቤቱታ ስትከፈት የሰጠችኝን ምላሽ እዚህ አልጽፈውም። ሸሚዜ ግን ታጥቧል።

አንዱ ሳልደርስለት ሞተ። መቶ አሥራ ዘጠኝ።

እሑድ፣ 9ኛ ቀን

ሁለት ሞቱ። መቶ አሥራ ሰባት።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሊጠይቀኝ መጥቶ እጄ ላይ ስፖንጅና ጫጩት ሲያይ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

"አንተ ሰውዬ፣ ኃላፊ ነበርክ እኮ!"

"አሁንም ነኝ።"

"መኖው ነው ችግሩ" አለ። ቀጥሎ "አይ፣ ውሃው ነው" አለ። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት ስጣቸው አለ። በመጨረሻ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተርፎታልና ለሁሉም ሽንት ጨርቅ ሊሰፋላቸው እንደሚችል ነገረኝ፤ ልኬት ሊወስድም መለኪያውን ከአንገቱ አወረደ። አባረርኩት።

ማታ ደወለች። "ስንት ናቸው?" አለች።

"ሁሉም ግቢያችን ውስጥ ናቸው።"

ይህም ውሸት አይደለም። ሦስቱን የቀበርኳቸው አጥሩ ሥር ነው።

"ጉልበትህስ?"

"እንደ ጎረምሳ!"

ማክሰኞ፣ 11ኛ ቀን

ሠላሳ አንድ ታጠበ። ጣቶቼ ተጨማደዱ። አቤቱታ ለሦስተኛ ጊዜ። ቂም ይሁን ምን እንጃ፣ ለእኔ እያጠራቀመች ነው የምታመጣው። ራት አልበላሁም። ወንበሬ ላይ አምፖሉ ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ። ምን ዓይነት ሙቀት ነው!

ሐሙስ፣ 13ኛ ቀን

ምክንያቱን ደረስኩበት! ነፋስ ነው። ክፍሉ ከላይ ሁለት የአየር መስኮት አለው፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ደፈንኳቸው። የበሩንም ሥር በከረጢት። አሁን ክፍሉ እንደ ካዝና ነው።

አማቴ ጋዜጣ ተሸክሜ ስሄድ አይተው፦ "አንዱን ለመሸፈን ሌላ፣ ሌላውን ለመሸፈን ሌላ" አሉ። ስለ መስኮቶቹ መሰለኝ።

እሑድ፣ 16ኛ ቀን

የሚታጠበው ወደ ስምንት ወረደ። ይኸው! ሥርዓት ያለበት አስተዳደር ውጤቱ ይህ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ግን ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አለ። ሰጋቱራው ከእግሬ ሥር ጭቅ ጭቅ ይላል። ሁለት ሞቱ፤ እነዚህ ቂጣቸው ንጹሕ ነበር። መቶ አሥራ አምስት። ጎረቤቴ ያን ነጭ ሽንኩርት እንደገና አነሣው፤ አንድ ራስ ከተፍኩላቸው። አልነኩትም። እኔና አማቴ በላነው።

ማክሰኞ፣ 18ኛ ቀን

ደም።

ኩሳቸው ላይ ደም አለ። ሰጋቱራው ላይ ቀይ ነጠብጣብ። አምስት ሞተው አገኘሁ። ሌሎቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ከድነው ቆመዋል። አቤቱታ ዝም ብላለች። ዝም ማለቷ ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ።

መቶ አሥር።

ስልኩ ሲጮኽ አላነሣሁትም። ምን ልበላት? አማቴ ከወንበራቸው ተነሥተው አነሡት፤ ክፍላቸው ገብተው በራቸውን ዘግተው ለረጅም ጊዜ አወሩ። ስለ ኦፕራሲዮኑ ይሆናል።

ረቡዕ፣ 19ኛ ቀን

ጠዋት ሦስት ሞቱ። መቶ ሰባት።

አራት ሰዓት ላይ ያልጠራኋት የእንስሳት ሐኪም በር አንኳኳች። የልጄ እኩያ ትሆናለች። "በዚህ ሳልፍ ነው አባባ" አለች። አባባ! እግዜር የሰጠኝ ዕድል ነው ብዬ አስገባኋት። ገና ስትገባ ጫጩቶቹን ሳይሆን ጣሪያውን አየች። ምን ዓይነት ሐኪም ነች አልኩ በሆዴ።

"አባባ፣ ሁለተኛው አምፖል የት አለ?"

"ሥራ ላይ ነው።"

"የት?"

ኮሪደሩ ላይ አማቴ እህ እህ ብለው ሳሉ። ሲስሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

"መኝታ ቤት" አልኩ።

"መኝታ ቤት ማን ሊፈለፈል ነው?"

ጓንት አድርጋ አንድ የሞተ ጫጩት ከፈተችና አንጀቱን አሳየችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ እንደ ተማሪ አስረዳችኝ። ሲበርዳቸው ይደራረባሉ፣ ሆዳቸው ይታወካል፣ ኩሱ ቂጣቸው ላይ ይደርቃል። እኔ ደግሞ ብርዱን ለመከላከል አየሩን ዘጋሁባቸው፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ሰጋቱራው ራሰ። ይህ ደም ያለበት ተቅማጥ ኮክሲዲያ ይባላል፣ የሚወደውም እርጥብ ሰጋቱራ ነው።

"መስኮቶቹን ይክፈቱ፣ ሰጋቱራውን ጠርገው ደረቅ ያንጥፉ። መድኃኒቱን በውሃቸው ይበጥብጡላቸው፤ ሌላ ውሃ አይቅመሱ። አምፖሉን ደግሞ አሁኑኑ። እኔ ቆሜ ሲሰቅሉት ልይ።"

ሰቀልኩት። አማቴ ከአጠገባቸው ሳልፍ "ከሽርሽር ተመለሰ?" አሉ።

ይህን መጻፍ አልፈልግም፤ ግን መዝገብ ነውና ይጻፋል። ያንን ክፍል ስጠርግ ዋልኩ፤ አንድ ጊዜ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። በበሽታ አይደለም ያለቁት። እኔ ስለሞቀኝ ነው። ነፋስ አልኩ፣ መኖ አልኩ፣ ውሃ አልኩ፤ ሁሉንም ከሰስኩ፣ ከራሴ ወንበር በቀር። ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ነፋሱ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ላይ ሲነፍስ ግን አይቼው አላውቅም። አደራዋን በላሁ።

ሐሙስ፣ 20ኛ ቀን

አንድ ሞተ። መቶ ስድስት። ጉልበቴ አላስተኛኝም። ይበለኝ።

አቤቱታ ራሷ አትጠጣም። መድኃኒቱን በማንኪያ ጫፍ ምንቃሯ ላይ እያስነካሁ፣ ጠብታ በጠብታ። ሐኪሟ በየሰዓቱ አላለችም። እኔ በየሰዓቱ ሰጠኋት።

ቅዳሜ፣ 22ኛ ቀን

ዛሬም፣ ትናንትም የሞተ የለም። ደሙ ጠፍቷል። ሐኪሟ እንደገና "በዚህ ስታልፍ" ገባች። ይህች ልጅ ስንት ጊዜ ነው በዚህ የምታልፈው?

ማታ ስልኩን ራሴ አነሣሁ።

"ጫጩቶቹስ?"

"ኩሳቸው ደረቀ!" አልኳት፤ ከደስታዬ ብዛት።

"እርጥብ ነበር እንዴ?"

"እንደው ከመጀመሪያውም ደረቅ ነው ለማለት ነው።"

"እሺ። ጉልበትህስ?"

"ተነሥቶብኛል። ቆሜ መሄድ አቅቶኛል።"

"እሰይ!" አለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር የኖርኳት ሴት ጉልበቴ ሲያመኝ እሰይ አለች። እህቷን እያስታመመች ደክሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ፣ 25ኛ ቀን

አቤቱታ ከንጋት ጀምራ ስትጮኽ ዋለች! መመገቢያው ላይ ወጥታ፣ ሌሎቹን ገፍታ፣ ለራሷ በልታ ለእኔ ጮኸችብኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ገልብጬ አየኋት፤ ንጹሕ። ስፖንጁን አጥቤ መስኮት ላይ አሰጣሁት።

ጎረቤቴ መጥቶ "ነጭ ሽንኩርቱ ሠራ አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት፤ ጠብ አልፈልግም።

ሐሙስ፣ 27ኛ ቀን

ቅዳሜ ትመጣለች። የምላትን ተለማመድኩ። አንደኛው፦ "ጭልፊት ወሰዳቸው።" ክፍሉ ጣሪያ አለው። ሁለተኛው፦ "ሲመጡም መቶ ስድስት ነበሩ።" ራሷ ናት የቆጠረቻቸው።

አማቴ ሳጉተመትም ሰሙኝና "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ። ለእሳቸው እያደር ነው፤ ለእኔ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።

ቅዳሜ፣ 29ኛ ቀን

መጣች። ከስታለች። ሻንጣዋን ኮሪደር ላይ ጥላ፣ ጫማዋን ቀይራ ቀጥታ ወደ ጫጩቶቹ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያሳለፈች በእጇ እየነካች ቆጠረች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። እኔ አንድ እስትንፋስ ነው የተነፈስኩት።

"መቶ ስድስት" አለች።

"አዎ።"

"አሥራ አራት።"

"አዎ። አጥሩ ሥር ናቸው።" ጭልፊቱ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ሻንጣዋን አንሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ተከተልኳት። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። መንጠቆው! አምፖሉን መልሼ መንጠቆውን ረስቼዋለሁ። ከወንበሬ ትክክል በላይ ተንጠልጥሎ ይመሰክርብኛል። ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

"ጉልበትህ በዳነ ሳምንት ጫጩቶቼ ታመሙ" አለች። "ጉልበትህ ሲያምህ ጫጩቶቼ ዳኑ። 'ተአምር ነው' ስትለኝ ጠረጠርኩ፤ አምፖሎቹን በየማታው የጠየቅኩህ ለዚያ ነው። ሁለቱም ይበራሉ ስትለኝ አመንኩህ። ስልክ ያላነሣህ ማታ ግን እናቴን ጠይቄ ሐኪሟን ላክኋት።"

አንድም የተለማመድኩት ቃል አልመጣልኝም። "ይቅር በዪኝ" አልኳት። "አደራሽን በላሁ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው። አምና ያልኩሽንም ይቅር በዪኝ።"

ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አምና እኔም አጥሩ ሥር ነው የቀበርኳቸው" አለች። "ሰባ ጊዜ። አንተ ያኔ ጋዜጣ ታነብ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አሁን ነው የምታውቀው።"

እንደገና ጫጩት ታሳድግ እንደሆነ መጠየቅ ፈልጌ ድፍረት አጣሁ።

እሑድ፣ 30ኛ ቀን

ጠዋት ስነሣ ከአጠገቤ የለችም። ጫጩቶቹ ጋ ነበረች፤ አቤቱታን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። አቤቱታ ስታየኝ ጮኸች።

"ይቺ አንተን ነው የምትጠራው?"

"ጉዳይ አላት" አልኩ።

"አለው በል። ይሄ ቀይ ጉትዬ አይታይህም? አውራ ዶሮ ነው።" ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ቂጡን ሳጥብ ፊቱን አላየሁትም ማለት ነው። አማቴ ከኮሪደሩ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ባለቤቴ መሰላሉን አመጣች። አንደኛውን አምፖል ነቅላ ተሸክማ ወደ መኝታ ቤት ሄደች። ከወንበሬ በላይ፣ ከዚያው መንጠቆ ላይ ሰቀለችው።

"ላባ አውጥተዋል፤ አንዱ ይበቃቸዋል" አለች። "አንድ ወር ብትታገሥ በክብር ታገኘው ነበር። ቁጭ በል፣ ጉልበትህን አሙቅ።"

ተቀመጥኩ። ሞቀኝ፣ አፈርኩም። ዝም ብዬ ልወስደው አልፈለግኩምና ቅጹን አውጥቼ ሰጠኋት። የእኔን ሁለት ፊርማ ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ እስክሪብቶ ጠየቀች። አበዳሪ በሚለው ቦታ የእኔን ሰርዛ የራሷን ፈረመች። "ለሥራ ጉዳይ" የሚለውን ሰርዛ "ለጉልበት" ብላ ጻፈች። "ሲሞቅ" ያልኩትንም ሰረዘችው። እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ ጽፋ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ጫጩቶቿ ሄደች።

*የመመለሻ ቀን፦ ቀጣዮቹ ጫጩቶች ሲገቡ።*